ለአሮጌ ላፕቶፕ ሊኑክስ ሚንት፦ ከፍላሽ ሙከራ እስከ ብልሽት ማስተካከል

ዊንዶውስ 10 መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ ማግኘት ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025። ዊንዶውስ 11 ደግሞ መራጭ ነው። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በአብዛኛው 8ኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ የመጡትን ብቻ ነው የሚቀበለው። በዚህ መሃል ብዙ ደህና ላፕቶፕ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ስክሪኑ ይሠራል፣ ኪቦርዱ ይሠራል፣ ሲስተሙ ግን ጊዜው አልፎበታል።

ይህ መመሪያ ለእንደዚህ ዓይነት ላፕቶፕና ሊኑክስ ነክቶ ለማያውቅ ሰው ነው። ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት፣ ተርሚናል የሚሉትን፣ ሳንከፍት እንጨርሳለን። ተርሚናል ክፉ ሆኖ አይደለም። ለመጀመሪያው ሳምንት ግን አያስፈልጋችሁም፤ ሳይገባችሁ ከኢንተርኔት ኮፒ አድርጋችሁ የምትለጥፉት ትዕዛዝ ደግሞ ጣጣ ያመጣል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ያዙልኝ። ሊኑክስን የምትጭኑባት ፍላሽ የመጫኛ ዕቃ ብቻ አይደለችም። ሃርድ ዲስኩን ሳትነካ ሲስተሙን በሙሉ ከራሷ ላይ ታስነሳለች። ስለዚህ ከመጫን በፊት መሞከሪያ፣ ከተጫነ በኋላ መመርመሪያ ናት። ብዙ ሰው ጭኖ ከጨረሰ በኋላ «ዋይፋይ የለም» ብሎ ይደነግጣል። በፍላሽዋ ቢሞክረው ኖሮ ቀድሞ ያየው ነበር።

መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ

ሥራችሁ የቆመው በየትኛው ፕሮግራም ላይ ነው? ብሮውዘር፣ ቴሌግራም፣ ፊልም፣ ጽሑፍ መጻፍና ኤክሴል ከሆነ ችግር የለም። ሊብረኦፊስ አብሮ ይመጣል፣ የወርድና የኤክሴል ፋይል ይከፍታል። አቀማመጡ አንዳንዴ ትንሽ ይዛነፋል እንጂ ጽሑፉ አይጠፋም። እንጀራችሁ በፒችትሪ፣ በአውቶካድ ወይም በፎቶሾፕ ከሆነ ግን ዊንዶውስን አታጥፉ። እነዚህ ለሊኑክስ አልተሠሩም። የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሊኑክስ ላይ የሚያስነሳ ዋይን የሚባል መሣሪያ አለ፤ ለአንዳንዱ ይሠራል፣ ለአንዳንዱ እምቢ ይላል። የሰው ሒሳብ የያዘ ሰው በዕድል ላይ መደገፍ የለበትም። ለእናንተ የሚሻለው ሁለቱን ሲስተሞች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው።

የትኛው ሊኑክስ?

የሊኑክስ ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ ጀማሪ ሰው እዚሁ ምርጫ ላይ ሳምንት ያባክናል። አታባክኑ። ሊኑክስ ሚንት ውሰዱ። ሚንት እንደ ፈረንጆቹ ከ2006 ጀምሮ አለ። የተሠራው በኡቡንቱ ላይ ስለሆነ ለኡቡንቱ የተጻፈ መፍትሔ አብዛኛው ለእሱም ይሆናል። ሜኑው ታች በግራ፣ ሰዓቱ ታች በቀኝ ነው፤ ከዊንዶውስ ለመጣ እጅ አይከብድም። ሚንት 22 የሚለው ተከታታይ ደግሞ እስከ 2029 ድረስ ማሻሻያ ያገኛል።

ሦስት መልክ አለው፦ ሲናመን፣ ማቴ እና ኤክስኤፍሲኢ። 8 ጊጋ ራም ካላችሁ ሲናመንን ሳታስቡ ውሰዱ። 4 ጊጋ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ቀለል ያለው ኤክስኤፍሲኢ ይሻላችኋል። ዝቅተኛው የሚጠየቀው 2 ጊጋ ነው ይባላል፤ በ2 ጊጋ ሲስተሙ ይነሳል፣ ብሮውዘር ስትከፍቱ ግን ታለቅሳላችሁ። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት መሆን አለበት።

ላፕቶፑ አሁንም የሚሽከረከረው የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ካለው የትኛውም ሊኑክስ ተአምር አይሠራም። ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ መጀመሪያ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ)፣ ቀጥሎ ራም። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት።

ማውረድና ፍላሽ ማዘጋጀት

ፋይሉን ከራሱ ከሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ አውርዱ። መጠኑ ወደ 3 ጊጋ ባይት ይጠጋል። በሞባይል ዳታ የምትጠቀሙ ከሆነ ወይም ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ካስቸገረ የቶረንቱን አማራጭ ምረጡ፤ መሃል ላይ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። በብሮውዘር ጀምራችሁት 90 በመቶ ላይ ቢሞት ግን ዳታችሁ አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ፍላሽዋ 4 ጊጋ ብትሆን ይበቃል፤ 8 ከሆነች ሳትጨነቁ ትሠራላችሁ። በላይዋ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ስለዚህ ፎቶ ካለ አውጡ። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ ሩፈስ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ክፈቱ። ከላይ ፍላሽዋን ምረጡ፣ ከሥሩ ያወረዳችሁትን ፋይል ምረጡ፣ ሌላውን ባለበት ተዉት።

ስታርት ከማለታችሁ በፊት ከፋይሉ መምረጫ አጠገብ ያለችውን የራይት ምልክት ንኩ። ረጃጅም የቁጥርና የፊደል ድርድሮች ይወጣሉ። ሻ 256 የሚለውን በማውረጃው ገጽ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። አንድ ፊደል ከተለየ ፋይሉ በትክክል አልወረደም ማለት ነው። ይህችን ዘልሎ ግማሽ ቀን መጫኛው ለምን እንደሚቆም የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። ሌላው ነገር ፍላሽዋ ራሷ ናት። 64 ጊጋ ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ ግን 8 እንኳ የማይሞላ ፍላሽ ገበያ ላይ አለ። ከተጠራጠራችሁ ሩፈስ ውስጥ ባድ ብሎክስ የሚፈትሽ አማራጭ አለላችሁ። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ውሸቷን ያወጣል።

ስታርት ስትሉ ሩፈስ እንዴት ልጻፈው ብሎ ይጠይቃል። አይኤስኦ የሚለውን፣ እሱ ራሱ የሚመክረውን፣ ተቀበሉ።

ከፍላሽ ማስነሳት

ላፕቶፑን አጥፉ፣ ፍላሽዋን ሰኩ፣ አብሩ። የኩባንያው ምልክት ሳይመጣ የመነሻ ሜኑ የሚያወጣውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ምቱ። ዴል፣ ቶሺባና ሌኖቮ በአብዛኛው ኤፍ 12 ነው። ኤችፒ ኢስኬፕ ከዚያም ኤፍ 9። አሱስ ኢስኬፕ። ኤሰር ኤፍ 12 ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ በኤፍ 2 ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ገብታችሁ ኤፍ 12 ቡት ሜኑ የሚለውን ካላበራችሁት አይሰማም። አንዳንድ ሌኖቮ ደግሞ በጎን በኩል በመርፌ የምትነካ ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ እሷን ስትነኩ ሜኑው ይመጣል።

ቁልፉ ካልያዘላችሁ ሌላ መንገድ አለ። ዊንዶውስ ውስጥ ሆናችሁ ሺፍትን ይዛችሁ ሪስታርት በሉ። በሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ላይ «ዩዝ ኤ ዲቫይስ» የሚለውን ገብታችሁ ፍላሽዋን ምረጡ።

የሚንት ሜኑ ሲመጣ የመጀመሪያውን መስመር ምረጡ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ላፕቶፑን አጥፉና እንደገና ገብታችሁ «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» የሚለውን ሞክሩ። ይህ የግራፊክስ ካርዱን በቀላሉ መንገድ የሚያስነሳ ነው፤ በተለይ ኤንቪዲያ ያላቸው ላፕቶፖች ይህን ይፈልጋሉ።

ሙከራው፦ እዚህ ላይ አትቸኩሉ

አሁን ሚንት ከፍላሽ ላይ ተነስቷል። ዊንዶውሳችሁ በቦታው አለ፣ ምንም አልተነካም። ዘገም ቢል አይግረማችሁ፣ ከፍላሽ ላይ እያነበበ ነው። ቡና እስኪፈላ ድረስ ተቀምጣችሁ እነዚህን ነካኩ።

ዋይፋይ። ታች በቀኝ ያለውን የኔትወርክ ምልክት ንኩ። የሰፈሩ ዋይፋይ ስሞች ከመጡ ጨርሳችኋል። ካልመጡ ችግሩን አሁን አወቃችሁት ማለት ነው፤ መፍትሔው ወደ ታች አለ።

ድምፅ። ብሮውዘር ከፍታችሁ የሆነ ነገር አጫውቱ። በስፒከሩም በኢርፎንም ስሙ።

የስክሪን ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻ ቁልፎች፣ ታችፓዱ በሁለት ጣት ሲሳብ፣ ካሜራው፣ ዩኤስቢ ቀዳዳዎቹ በሙሉ። ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚረሳው፦ ክዳኑን ዝጉት፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆዩ፣ ክፈቱት። ስክሪኑ ተመልሶ ከመጣ ጥሩ። ካልመጣ ከእንቅልፍ የመመለስ ችግር አለው፤ ክዳን ዘግታችሁ በቦርሳ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ሳታውቁ መጫን የለባችሁም።

ዴስክቶፑ ላይ ያሉትን የዊንዶውስ ፋይሎችም በፋይል ማሳያው ገብታችሁ እዩ። የሲ ድራይቩ ሲከፈት ፓስዋርድ ወይም ረጅም ቁልፍ ከጠየቃችሁ ቢትሎከር፣ የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ፣ በርቷል ማለት ነው። ያንን ጻፉት። የሠራውንና ያልሠራውን ሁሉ ወረቀት ላይ አስፍሩ፤ ወረቀቱ በኋላ ይጠቅማል።

ዊንዶውስ ላይ የሚቀር ሥራ

ወደ ዊንዶውስ ተመለሱ። ሰነድ፣ ፎቶና ብሮውዘር ላይ ያስቀመጣችኋቸውን ፓስዋርዶች ወደ ውጪ ሃርድ ዲስክ ወይም ሌላ ኮምፒውተር ገልብጡ። ሁለቱን ጎን ለጎን የምታስቀምጡ ብትሆኑም ገልብጡ። ዲስክ ሲከፋፈል መብራት ቢሄድና ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከሆነ ምን እንደሚመጣ ማሰብ ነው።

ዊንዶውስን የማታጠፉ ከሆነ ሦስት ነገር ቀርቷል። ቢትሎከር በርቶ ከነበረ አጥፉት፤ መቆለፊያው ተፈትቶ እስኪያልቅ ጠብቁ፣ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ቀጥሎ ፋስት ስታርትአፕ። ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ የፓወር ቁልፎች ሥራ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ምልክቱን አንሱት። ይህ ካልጠፋ ዊንዶውስ ስታጠፉት በእውነት አይጠፋም፤ ግማሹን ይዞ ነው የሚተኛው። ሊኑክስም ያንን ክፍል ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል፣ ፋይል ልጻፍ ስትሉ እምቢ ይላችኋል። መጨረሻ ላይ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ገብታችሁ ሲ ድራይቩን ሽሪንክ አድርጉና ቦታ ልቀቁ። 20 ጊጋ ዝቅተኛው ነው፤ እኔ ከ50 በታች አልመክርም። የተለቀቀውን ቦታ ፎርማት አታድርጉት፣ ባዶውን ይቅር።

መጫን

ቻርጀሩን ሰኩ። ከፍላሽዋ አስነሱና ዴስክቶፑ ላይ ያለውን «ኢንስቶል ሊኑክስ ሚንት» ሁለቴ ንኩ።

ቋንቋ ሲጠይቅ እንግሊዝኛ ብትመርጡ ይሻላል። የሜኑው የአማርኛ ትርጉም ሙሉ አይደለም፣ መፍትሔ ስትፈልጉም የሜኑውን ስም በእንግሊዝኛ ነው የምታገኙት። አማርኛ መጻፍ ሌላ ጉዳይ ነው፣ በኋላ እንመጣበታለን። ኪቦርድም መጀመሪያ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ይሁን። አማርኛ ኪቦርድ ከፊት አስቀምጦ ፓስዋርዱን መጻፍ አቅቶት በር ላይ የቀረ ሰው አይታችሁ ታውቁ ይሆናል።

መልቲሚዲያ ኮዴክስ የሚለውን ኢንተርኔት ካላችሁ ምልክት አድርጉበት። ፊልምና ሙዚቃ ያለ እሱ አንዳንዱ አይከፈትም። ከሌላችሁ እለፉት፣ ከሜኑው በኋላ ይጫናል።

ከዚያ ዋናው ገጽ ይመጣል። ጎን ለጎን ለሚፈልግ «አሎንግሳይድ» የሚለው አለ። ዊንዶውስን ጨርሶ ለተሰናበተ «ኢሬዝ ዲስክ» አለ። ይህ ሁለተኛው የሲ ድራይቭን ብቻ አይደለም የሚያጠፋው፤ ዲ ድራይቭ ላይ ያስቀመጣችሁት የሠርግ ቪዲዮም አንድ ዲስክ ላይ ከሆነ አብሮ ይሄዳል። ሦስተኛው «ሰምቲንግ ኤልስ» ክፍሎቹን በእጅ ለሚከፋፍል ነው፣ ዛሬ ተዉት።

ጎን ለጎን የሚለው ካልመጣ ወይም ዲስኩ ጭራሽ ካልታየ አትቀጥሉ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ባዮስ ውስጥ የዲስኩ አሠራር ሬይድ ወይም ኢንቴል አርኤስቲ ላይ መሆኑ ነው። ኤኤችሲአይ ወደሚባለው መቀየር አለበት። ግን ዝም ብላችሁ ከቀየራችሁት ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን ያሳያችኋል። መጀመሪያ ዊንዶውስ ውስጥ ኤምኤስኮንፊግን ክፈቱና ቡት በሚለው ሥር ሴፍ ቡትን ምረጡ። ሪስታርት አድርጋችሁ ባዮስ ግቡ፣ ወደ ኤኤችሲአይ ቀይሩ። ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ አንዴ ይነሳና አዲሱን አሠራር ይለምዳል። ከዚያ ሴፍ ቡቱን አንሱት። አሁን መጫኛው ዲስኩን ያየዋል።

ሰዓት ሲጠይቅ አዲስ አበባን ወይም የምትኖሩበትን ከተማ ምረጡ። ስምና ፓስዋርድ ስጡ። ፓስዋርዱን አትርሱት፤ ፕሮግራም በጫናችሁ ቁጥር ይጠየቃል። ቀሪውን ራሱ ይጨርሳል። ሪስታርት ሲል ፍላሽዋን ንቀሉና ኢንተር ንኩ። ፎርማት እንዳታደርጓት ግን! ፍላሽዋ ገና ሥራ አላት።

የመጀመሪያው ቀን

ላፕቶፑ ሲነሳ ቀጥታ ዊንዶውስ ከገባ ተስፋ አትቁረጡ። ባዮስ ገብታችሁ የማስነሻውን ቅደም ተከተል እዩ። ሚንት የሚል ስም አትፈልጉ፤ በብዙ ማሽን ላይ የሚመዘገበው «ኡቡንቱ» ተብሎ ነው። እሱን ወደ ላይ አውጡት።

የእንኳን ደህና መጣችሁ መስኮት ሲመጣ የመጀመሪያ እርምጃዎች የሚለውን ክፈቱ። ሁሉንም ዛሬ መጨረስ የለባችሁም። ታይምሺፍት ግን ዛሬውኑ ይሁን። ታይምሺፍት የሲስተሙን ፎቶ ያነሳላችኋል፤ የሆነ ማሻሻያ ቢያበላሽ ወደ ትናንቱ ትመለሳላችሁ። የራሳችሁን ሰነድ ግን አይዝም፣ እሱን ለብቻ ባክአፕ አድርጉ። አርሲንክ የሚለውን መርጣችሁ በቀን አንድ ፎቶ፣ ሁለት ሦስት ብቻ እንዲያቆይ አድርጉት። ከዚያ በላይ ዲስኩን ይሞላዋል።

ቀጥሎ ድራይቨር ማኔጀር። ድራይቨር ሲስተሙን ከካርዶቹና ከሌላው ዕቃ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። ኤንቪዲያ ካላችሁ እሱ የሚመክረውን ምረጡና ጫኑ። ሴኪውር ቡት (ያልተፈረመ ሶፍትዌር ማሽኑ ሲነሳ እንዳይገባ የሚከለክለው የባዮስ ጥበቃ) ከበራ ፓስዋርድ ፍጠሩ ሊላችሁ ይችላል። ሪስታርት ስታደርጉ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፤ «ኤንሮል» የሚለውን መርጣችሁ ያንኑ ፓስዋርድ ጻፉ። ገጹን ቸኩላችሁ ካለፋችሁት ድራይቨሩ ተጭኖም አይሠራም።

አፕዴት ማኔጀር ከመክፈታችሁ በፊት ለዳታችሁ አስቡ። የመጀመሪያው ማሻሻያ ትልቅ ነው። መስኮቱ ስንት ሜጋ እንደሚያወርድ ይነግራችኋል፤ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትደርሱ አድርጉት። ሶፍትዌር ሶርስስ ውስጥ ደግሞ የሚያወርድበትን ሰርቨር መቀየር ትችላላችሁ፤ ፍጥነታቸውን ራሱ ለክቶ ይደረድራል። የሚቀርባችሁን ምረጡ።

ፕሮግራም የሚጫነው ከሶፍትዌር ማኔጀር ነው። እንደ ዊንዶውስ ከየድረ ገጹ ኢኤክስኢ ማውረድ የለም። አንድ ፕሮግራም በሁለት መልክ ከመጣ፣ አንዱ ሲስተም ፓኬጅ አንዱ ፍላትፓክ ከሆነ፣ ዳታ ለሚቆጥብ ሲስተም ፓኬጁ ይሻላል። ፍላትፓክ አዲስ ስሪት ይሰጣችኋል፣ ግን ብዙ ነገር አብሮ ስለሚያወርድ ትንሽዋ አፕ ብዙ መቶ ሜጋ ልትበላ ትችላለች።

አማርኛ

ለማንበብ ችግር የለም። ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየ ሶፍትዌር ማኔጀር ውስጥ አቢሲኒካ የሚለውን ፊደል ፈልጋችሁ ጫኑ።

ለመጻፍ አይባስ ኤም 17 ኤን የሚባለውን ጥቅል ጫኑ። ከሜኑው ኢንፑት ሜተድን ክፈቱ፣ አይባስን ምረጡ፣ ወጥታችሁ ግቡ። ከዚያ በአይባስ ማስተካከያው ውስጥ አማርኛን ጨምሩ፤ ሴራ የሚለው ነው። በላቲን ድምፁን ትጽፋላችሁ፣ እሱ ወደ ፊደል ይቀይረዋል። ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል፦ ትንሿ ቲ «ት»፣ ትልቋ ቲ «ጥ»። ትንሿ ሲ «ች»፣ ትልቋ ሲ «ጭ»። ኤክስ ደግሞ «ሽ» ናት። አንድ ቀን ከለመዳችሁት እጅ ራሱ ይሄዳል። ኪይማንን ዊንዶውስ ላይ ወይም ስልክ ላይ የለመደ ሰው ለሊኑክስም አለለት።

የድሮ ሰነዶች ላይ ግን ተጠንቀቁ። ዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል የሚይዙበት የጋራ ደረጃ) ከመምጣቱ በፊት በነበሩ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ፋይል ሊኑክስ ላይ ሲከፈት የላቲን ዝባዝንኬ ይሆናል። ሊኑክስ አላበላሸውም፤ በውስጡ ያለው ድሮም እንዲህ ነበር፣ አማርኛ ያስመሰለው የፊደሉ ቅርጽ ነው። ዊንዶውሱና የድሮው ሶፍትዌር ሳይጠፉ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት፤ ቢያንስ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ሲበላሽ

ማንኛውም ችግር ሲመጣ መጀመሪያ ፍላሽዋን ሰክታችሁ ከእሷ አስነሱ። የተበላሸው ነገር በፍላሽዋ ላይ ይሠራል? ከሠራ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ የተነካ ቅንብር ወይም የመጣ ማሻሻያ ነው ያበላሸው። በፍላሽዋም ካልሠራ ድራይቨር ነው ወይም ዕቃው ራሱ ሞቷል። ይህች አንድ ጥያቄ ፍለጋውን በግማሽ ትቀንሳለች። ቀጥሎ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። አምስት ነገር አንድ ላይ ነካክቶ የተስተካከለለት ሰው በየትኛው እንደተስተካከለ አያውቅም፤ ሲመለስበትም ከዜሮ ይጀምራል።

ዋይፋይ ከሌለ፦ ስልካችሁን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙ፣ ስልኩ ላይ ዩኤስቢ ቴተሪንግን አብሩ። ሚንት ስልኩን እንደ ገመድ ኢንተርኔት ነው የሚያየው፣ ብዙ ጊዜ ምንም ድራይቨር አይጠይቅም። አሁን ኢንተርኔት ስላላችሁ ድራይቨር ማኔጀርን ክፈቱ፣ የሚያሳያችሁን የዋይፋይ ድራይቨር ጫኑ፣ ሪስታርት። ብሮድኮም ካርድ ያላችሁ ደግሞ ዳታም ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ፍላሽዋን ሰኩ፣ ድራይቨሩን ከእሷ ላይ ያገኘዋል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ኪቦርዱ ላይ የአውሮፕላን ምልክት ያለባትን ቁልፍ አንዴ ተጫኗት። አንዳንዴ ነገሩ እሷ ናት።

ድምፅ ከሌለ፦ ሳውንድ ሴቲንግስ ውስጥ አውትፑት የሚለውን እዩ። ድምፁ በኤችዲኤምአይ በኩል ወደሌለ ቴሌቪዥን እየሄደ ይሆናል። ስፒከሩን ምረጡ፣ አለቀ።

ዊንዶውስ ስትገቡ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ከቀረ፦ ሊኑክስ በማሽኑ ሰዓት ላይ የግሪንዊችን ሰዓት ይጽፋል፣ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ የአካባቢ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። የእኛ አገር ከግሪንዊች በ3 ስለሚቀድም ልዩነቱ 3 ይሆናል። ቀላሉ መላ ዊንዶውስ ውስጥ የሰዓት ማስተካከያው ላይ ሲንክ ናው ማለት ነው።

ከማሻሻያ በኋላ ካልተነሳ ወይም ጥቁር ስክሪን ከሆነ፦ ላፕቶፑ ሲበራ ኢስኬፕን፣ በድሮዎቹ ማሽኖች ሺፍትን፣ ያዙ። ግሩብ የሚባለው ሜኑ ይመጣል። አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ግቡና ከላይ ያለውን ትታችሁ ቀደም ያለውን ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት፣ ምረጡ። በእሱ ከተነሳ አዲሱ ከርነል አልተስማማችሁም፤ በአሮጌው እየሠራችሁ ቀጣዩን ማሻሻያ ጠብቁ። በእሱም ካልተነሳ ከፍላሽዋ አስነሱና ታይምሺፍትን ከሜኑው ክፈቱ። ዲስኩ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ያያቸዋል፣ የሠራበትን ቀን መርጣችሁ መልሱ።

ማሻሻያ እየጫነ መብራት ከጠፋ፦ ይህ ባትሪ ለሌለው ላፕቶፕና ለዴስክቶፕ ኮምፒውተር የታወቀ ነገር ነው። ግማሹ ተጭኖ ግማሹ ቀርቶ ሲስተሙ ግራ ይገባዋል። በዚያው አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ሪከቨሪ ሞድ የሚል መስመር አለ። ስትገቡ የሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ዲፒኬጂ የሚለውን ምረጡ፤ የተሰባበሩትን ጥቅሎች ይጠግናል። ሲጨርስ ሪዚዩም በሉ።

ዊንዶውስ ትልቅ ማሻሻያ ሠርቶ ሊኑክስ ከጠፋ፦ አልጠፋም፣ ማስነሻው ነው የተገፋው። መጀመሪያ ባዮስ ገብታችሁ ኡቡንቱ የሚለውን ወደ ላይ መልሱ። እሱ ጭራሽ ከሌለ ፍላሽዋ ላይ ቡት ሪፔር የሚል ፕሮግራም አለ። የሚመክረውን ጥገና ተቀበሉ። ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ስልኩን ሰኩለት።

ዴስክቶፑ ደርቆ ማውሱ ብቻ ከተንቀሳቀሰ ሲናመን ላይ ኮንትሮል፣ ኦልት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። የከፈታችኋቸው መስኮቶች ሳይዘጉ ዴስክቶፑ ብቻ እንደገና ይነሳል። ይህ በየቀኑ ከተደጋገመ ሲስተም ሞኒተርን ክፈቱና ራሙን እዩ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ብሮውዘር ውስጥ የተከፈተ 30 ታብ ነው፤ ሊኑክስን አትርገሙት።

እርዳታ ስትጠይቁ

«ሊኑክሴ አልሠራ አለ» ለሚል ሰው ማንም መልስ አይሰጠውም። ከሜኑው ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚለውን ክፈቱ። የላፕቶፑን ሞዴል፣ የሚንቱን ቁጥርና የካርዶቹን ስም በሙሉ ያወጣላችኋል፤ ኮፒ የሚል ቁልፍ አለው። እሱን ለጥፉ። ከሥሩ መቼ እንደጀመረ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደጫናችሁ፣ በፍላሽዋ ሲሞከር ምን እንደሆነ ጻፉ። ያን ቀን ወረቀት ላይ ያሰፈራችሁት ካለ እሱንም ጨምሩ፦ ያኔ ይሠራ የነበረ ነገር ነው ወይስ ድሮም ያልሠራ? ጥያቄውን በእንግሊዝኛ መጻፍ ከከበዳችሁ አጭር አረፍተ ነገር ይበቃል፤ የሚረዳችሁ ሰው የሚያነበው የለጠፋችሁትን ዝርዝር ነው። ተርሚናል ላይ የሚጻፍ ትዕዛዝ ከሰጧችሁም ምን እንደሚሠራ መጀመሪያ ጠይቁ። ደህና ሰው ከሆነ ያስረዳችኋል።